ፍልሰታ በሁለት ሰው ብስክሌት

ዓለምሸት ሰው ትገፋለች። እንጀራዋ ይኸው ነው። በዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ መራመድ የከበዳቸውን መንገደኞች በዊልቸር አስቀምጣ እስከ አውሮፕላኑ በር ታደርሳለች፤ የወረዱትንም ሻንጣቸው ድረስ ታመጣለች። ልጇ ሩሐማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች የጀመረችው ሥራ ነው፤ ሩሐማ ተመርቃ ፕሌኖ ከተማ ቢሮ ሥራ ከገባችም በኋላ አልተወችውም። ወደ ፓሪስ የሚሄዱትን ስንቱን አሳፍራለች። በሩ ሲዘጋ ባዶውን ወንበር እየገፋች ትመለሳለች። እሷ ራሷ አውሮፕላን የተሳፈረችው በዲቪ ሲመጡና እናቷ ያረፉ ጊዜ ብቻ ነው።

ባሏ ታዲዮስ የሌሊት ሹፌር ነው። ከአንዱ መጋዘን ወደ ሌላው ዕቃ ሲያመላልስ ያድርና ጎህ ሲቀድ ኧርቪንግ ወዳለው አፓርታማቸው ይገባል። ያን ጊዜ እሷ ጫማዋን እያሰረች ነው። በሩ ላይ ይገናኛሉ።

“ደኅና አደርሽ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። ምስሩ ምድጃው ላይ ነው።”

“መኪናሽን ጋዝ ሞልቼልሻለሁ።”

በቃ። እሷ የተነሣችበት አልጋ ሳይቀዘቅዝ እሱ ይተኛበታል። እሁድ እሁድ አብረው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ እዚያም እሱ በወንዶች በኩል፣ እሷ በሴቶች በኩል ይቆማሉ። ከቅዳሴ በኋላ እሱ ማታ ለሚገባበት ሥራ ትንሽ ይተኛል። ተጣልተው አያውቁም። ለመጣላትም እኮ ጊዜ ያስፈልጋል። ዓለምሸት ስትጸልይ ለልጇ ጤና፣ ለባሏ መንገድ፣ ለራሷ ጉልበት ታመሰግናለች፤ የጎደላትን ነገር ግን በምን ቃል እንደምትለምነው አታውቅም ነበር።

በዚያ የቴክሳስ በጋ የታዲዮስ ባልንጀራ በየነ ትልቅ የጭነት መኪና ገዛ። ካሊፎርኒያ ድረስ ሄዶ የሚመለስ ነው። ሁለት ሹፌር ይፈልጋል፤ አንዱ ሲነዳ ሌላው ከኋላ ይተኛል፤ መኪናው አይቆምም። “ከአንተ ሌላ የማምነው ሰው የለም” አለው። ታዲዮስ ከሄደ ቤቱን የሚያየው በወር አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው። በየነ መልሱን ነሐሴ ሳያልቅ ፈለገ። ታዲዮስም አንድ ማለዳ በሩ ላይ ለሚስቱ ነገራት።

“ምን ትያለሽ?” አላት።

ዓለምሸት “አትሂድ” ልትለው አፏን ከፈተች። ከዚያ ፊቱን አየችው። ሌሊቱን ሙሉ መንገድ ሲያይ ያደረው ዓይኑ ደም መስሏል። ለዚህ ሰው አሁን፣ በር ላይ፣ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር እነግረዋለሁ አለች በልቧ።

“እግዚአብሔር ያውቃል” አለችው።

“እሱስ ያውቃል” ብሎ ገባ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ አሰበች። ዝም ካለች ባሏ ይሄዳል። ልትናገር ደግሞ ቤታቸው ውስጥ መናገሪያ ሰዓት የለም።

ሩሐማ የጋብቻቸውን ሃያ አምስተኛ ዓመት አስባ የመጣችው በዚሁ መካከል ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ገብታ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አቆመችውና የወንዝና የግንብ ሥዕል አሳየቻቸው።

“ሰርፕራይዝ! ፈረንሳይ ነው፤ ገጠሩን በብስክሌት። ቀስ ብላችሁ ትነዳላችሁ፣ ስትደክሙ ታርፋላችሁ። ሻንጣችሁን እንኳን ሌላ ሰው ነው የሚወስደው።”

“ብስክሌት? በእኔ ጉልበት?” አለች ዓለምሸት።

“ማሚ፣ ዳዲ እኮ የባሕር ዳር ልጅ ነው። ሁሌ ብስክሌት ብስክሌት ይላል።”

“መቼ ነው?” አለ ታዲዮስ። ዓይኑ ሥዕሉ ላይ ነበር።

“ኦገስት አጋማሽ። ሶ፣ ሁለታችሁም ቫኬሽን ሪኩዌስት አድርጉ፤ እኔ ቡክ አድርጌዋለሁ።”

ባልና ሚስት ተያዩ።

“ሩሐዬ፣ ፍልሰታ ነው እኮ” አለች እናቷ።

ሩሐማ አፏን በእጇ ያዘች። “ኦ ማይ ጋድ! ቼክ አላደረግኩም። ማለቴ... አሁን ካንስል ማድረግ አይቻልም።”

ለንስሐ አባታቸው ለቀሲስ ወልዴ ደወሉ። ዓለምሸት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እንደ ጥፋተኛ ቆማ ጠየቀቻቸው።

“መንገደኛ ናችሁ” አሉ ቀሲስ። “ሰዓቱን ፈትቼላችኋለሁ፤ ሲርባችሁ ቅመሱ። ከቅቤውና ከአይቡ ራቁ። የቀረውን ሥርዓት ታውቁታላችሁ። ደግሞ እዚያ አገር ቀንድ አውጣ ይበላሉ ሲሉ ሰምቻለሁ።”

“ኧረ አባቴ! በጾም?”

“በጾም ብቻ አይደለም ልጄ፤ በፍስክም ቢቀርባችሁ ደስ ይለኛል።”

በሚቀጥለው እሁድ ታዲዮስ የተዋሰውን ብስክሌት ይዞ በቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ሚስቱን ሊያስተምር ሞከረ። ዓለምሸት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጣች፤ ሳትቆይም ከአጥሩ ጋር ተላተመች። ከቅዳሴ የወጡ ሴቶች “አይዞሽ!” እያሉ በሳቅ ፈረሱ። ሩሐማ ለጉዞ ድርጅቱ ደወለችና ሁለቱን ብስክሌት በአንድ አስለወጠች። አንድ ረጅም ብስክሌት፣ ሁለት መቀመጫ፣ ሁለት ጥንድ ፔዳል፤ ከፊት ያለው መሪ ይይዛል፣ ከኋላ ያለው ይገፋል።

በፈረንሳይ ሁለት ሌሊት የሚያድሩበት የመጀመሪያው ማረፊያቸው በሎዋር ወንዝ አጠገብ ያለ አሮጌ የድንጋይ ቤት ነበር። ባለቤቲቱ ማዳም ኮሌት የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ እንግሊዝኛን ቀስ ብለው፣ ቃል እየመረጡ ይናገራሉ። ሩሐማ የጋብቻ በዓል መሆኑን ነግራቸው ስለ ነበር ሰፊው አልጋ ላይ የጽጌረዳ ቅጠል በልብ ቅርጽ በትነው፣ ጠርሙስ ወይን በሪባን አስረው ጠበቋቸው።

በሩ ሲዘጋ ታዲዮስ ሥዕለ ማርያም አስቀምጦ ጸሎቱን አደረሰ። ቅጠሉን አንድ በአንድ ለቅሞ ሳህን ላይ አኖረው፤ ወይኑን ከመስኮቱ ሥር አስቀመጠ። ከዚያ ብርድ ልብስ አውርዶ ወለሉ ላይ አነጠፈ። በፍልሰታ ባልና ሚስት አልጋ ይለያሉ፤ እነሱም ከተጋቡ ጀምሮ ይህን አጓድለው አያውቁም።

“ይቆረቁርሃል” አለችው።

“ከመኪናው ወንበር ይሻላል” አላትና ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው።

ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ገና ሳይነጋ ነቁ። ለብሰው፣ ሄልሜታቸውን ይዘው ተቀመጡ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ዓለምሸት ዝም ብሎ መቀመጥ አላስቻላትም፤ አንሶላውን ገፍፋ አጠፈችው፤ መታጠቢያ ቤቱንም ፈትጋ አጠበች። ማዳም ኮሌት ቁርስ ይዘው ሲመጡ የታጠፈውን አንሶላ አዩ፣ የሚያብረቀርቀውን መታጠቢያ አዩ፣ ወለሉ ላይ የቀረውን ብርድ ልብስና ትራስም አዩ። እንግዶቹ ቅቤውንና አይቡን ወደ ጎን አድርገው ደረቅ ዳቦ በማርማላታ በሉ።

በዚያ ቀን ወንዙን ተከትሎ በሚሄደው ጠባብ መንገድ ነዱ። ዳርና ዳር የሱፍ አበባ፣ ከማዶ ነጭ ግንቦች፣ ውኃው ዳር ቀጥ ብለው የቆሙ ሽመላዎች። ሌሎቹ ብስክሌተኞች ይቆማሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ፣ ሣር ላይ ይጋደማሉ። ታዲዮስና ዓለምሸት አልቆሙም። አንገታቸውን ደፍተው፣ ሰዓት እንደሚጠብቀው ሰው ነዱ።

“እየገፋሽ ነው ወይስ ተሳፍረሻል?” ይላታል ዳገት ሲመጣ።

“እየገፋሁ ነው! ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ምን ሠራሁ?”

ምሳ እንዲበሉ የተያዘላቸው ቤት ሲደርሱ ገና አልተከፈተም ነበር። ግድግዳው ሥር ቆመው ጠበቁ። ዓለምሸት አሁን ልንገረው አለች። ታዲዮስ ግን ቆሞ ዓይኑን ጨፍኗል። ማታ ወደ ማዳም ኮሌት ቤት ሲመለሱም እናገራለሁ ብላ ፊቷን ታጥባ ስትመለስ ወለሉ ላይ ተኝቶ አገኘችው። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ባሏን እንዲህ ቁጭ ብላ ያየችው አልመሰላትም። ድካሙ ፊቱ ላይ ሠፍሯል፤ እንቅልፍ እንኳ አያወርደውም። እሷም ጉልበቷ እየጠዘጠዘ ሰፊው አልጋ ጠርዝ ላይ ብቻዋን ተኛች።

በማግስቱ ጠዋት ማዳም ኮሌት ዓለምሸትን በእጅ ጠርተው ወጥ ቤት አስገቧት። በሩንም ገርበብ አደረጉት።

“ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የእኔ ጉዳይ አይደለም” አሉ። “እዚህ ቤት ብዙ ዘመን እንግዳ አሳድሬአለሁ። መሬት ላይ የተኛ ባል ግን አይቼ አላውቅም። ከተጣላችሁ ፎቅ ላይ ትንሽ ክፍል አለኝ፤ ማንም አይሰማም።”

ዓለምሸት መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቋን መያዝ አቃታት።

“አልተጣላንም ማዳም! ጾም ላይ ነን። የእመቤታችን የማርያም ጾም ነው። ሥርዓታችን ነው፤ በጾም ለየብቻ ነው የምንተኛው።”

“የማርያም?” ሴትዮዋ አማተቡ። “ዛሬ እኮ የዕርገቷ በዓል ነው! እኛ ዛሬ ነው የምናከብረው።”

“እኛ ገና ሳምንት ይቀረናል።”

ማዳም ኮሌት እፎይ አሉ። ከጓሯቸው የለቀሙትን ቲማቲም በወረቀት ጠቅልለው ሰጧትና፣ ፈገግ እያሉ፣ “ጾሙ ሲያልቅ ታዲያ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል?” ብለው ጠየቁ።

“ጾሙ ሲያልቅማ...” አለችና ዓለምሸት ቆመች።

ጾሙ ሲያልቅ ታዲዮስ የበየነ መኪና ውስጥ ነው። ባይሄድም ቤታቸው ያው ነው፤ እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች። ይህ ጾም የሚለያቸው በዓመት ሁለት ሳምንት ነው። የቀረውን ጊዜ የለያቸው ምንድን ነው? ይህን ለባዕድ ሴት ለማስረዳት ቃሉ አልመጣላትም።

“እግዚአብሔር ያውቃል” አለች። ከአፏ ሲወጣ ራሷ ሰማችው፤ ታዲዮስን ያለችው ያንኑ ነበር። ማዳም ኮሌት ይህም የሥርዓቱ አንድ ክፍል መስሏቸው በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወደሚቀጥለው ማረፊያ ጉዞ ጀመሩ። በዓል በመሆኑ በየመንደሩ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ፀሐዩ የቴክሳስን ያህል ባይሆንም ጥላ በሌለው የወይን ማሳ መካከል ያቃጥላል። ዓለምሸት ከቤት ያመጣችውን በሶ በብስክሌቱ የውኃ ጠርሙስ በጥብጣ ይዛ ነበር፤ የሚያልፏቸው ብስክሌተኞች ያንን ቡኒ ነገር ሲጠጡ አይተው አንዱ ቆሞ ምን ዓይነት የስፖርት መጠጥ እንደሆነ ጠየቀ። “ገብስ” አለው ታዲዮስ። ሰውየው የት እንደሚሸጥ ሲጠይቅ ታዲዮስ “ሚስቴን ጠይቅ” ብሎ በአማርኛ መለሰለት፤ ዓለምሸት ከኋላ ጀርባውን በመዳፏ መታችው።

ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከፊቷ ያለው የታዲዮስ ጀርባ ብቻ ነው። ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል። ማጅራቱ ላይ ሽበት ወጥቷል፤ መቼ እንደወጣ አላወቀችም። ትከሻው እንደ ድሮው ቀጥ አላለም።

የሥራዋ ነገር ትዝ አላት። ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው ገፊውን አያይም። ስለዚህ ይናገራል። አንድ ሽማግሌ የሞተ ልጁን ታሪክ በረጅሙ መተላለፊያ ላይ ባዶውን አየር እያየ ነግሯት ያውቃል፤ አንዲት አሮጊትም ወደ ወንድሟ ቤት መሄድ እንደማትፈልግ ነግራት አልቅሳለች። ዓለምሸት ከኋላ ሆና “እሺ እናቴ፣ እሺ” ትላለች። ፊት ለፊት ቢሆኑ ትንፍሽ አይሉም ነበር። እሷም የባሏን የደከመ ፊት አይታ ነው ዝም ያለችው። አሁን ፊቱ የለም። መንገዱ ደግሞ ገና ረጅም ነው።

“ታዲዬ” አለች።

“እ?”

“ከበየነ ጋር አትሂድ።”

ነፋሱ ወሰደው። “ምን? ውኃ ነው?”

እንደገና መናገር ከመጀመሪያው ይከብዳል። ዓለምሸት ዓይኗን ጨፍና ጮኸች።

“ከበየነ ጋር አትሂድብኝ አልኩህ!”

ማሳው ዳር ውሻዋን ይዛ የምትሄድ ሴት ዞራ አየቻቸው። ታዲዮስ ፔዳሉን መግፋት ተወ። ብስክሌቱ ቀስ እያለ፣ እየተወላገደ ሄደና ከመንገዱ ወጥቶ ሁለቱንም ሣር ላይ ዘረገፋቸው። አልተጎዱም። ታዲዮስ ተነሥቶ አላነሣትም፤ እዚያው አጠገቧ፣ ሄልሜቱ ዓይኑ ላይ ወርዶ፣ ተቀመጠ።

“ስጠይቅሽ እግዚአብሔር ያውቃል አላልሽም?”

“እሱማ ያውቃል። አሁን የምነግርህ አንተም እንድታውቅ ነው።”

ታዲዮስ ሄልሜቱን አወለቀ። ሲናገር ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም።

“እኔ እኮ ግድ የለሽም ብዬ ነበር። ስገባ አንቺ ትወጫለሽ። ምድጃው ላይ ወጥ አለ፤ አልጋው ሞቋል፤ አንቺ ግን የለሽም። አልጋ ብቻ ከሆነ በየነ መኪና ውስጥም አልጋ አለ አልኩ። ቅር ብሏት ቢሆን ትናገር ነበር አልኩ።”

ዓለምሸት ሣሩን ነጨች። ይህ እንደሚያማት አላሰበችም ነበር፤ እውነት መሆኑ ነው ያመማት።

“ደክሞህ ስትመጣ ፊትህን አይቼ ነው ዝም ያልኩት።”

“እኔም ፊትሽን አይቼ ነው ያልጠየቅሁሽ። ሁለታችንም ስንተዛዘን ልንለያይ ነበር በያ።”

“ደክሞኛል ታዲዬ። ሥራው አይደለም፤ ሥራውንስ እግዚአብሔር ይመስገን። በር ላይ መኖር ነው የደከመኝ።”

እሱ ተነሣ። ብስክሌቱን አነሣ፤ የወጣውን ካቴና እጁን በቅባት እያጠቆረ መለሰ። እሷም ሄልሜቶቹን ለቅማ ተከተለችው። ወደ መንደሩ ብስክሌቱን እየገፉ በእግራቸው ገቡ። ደወል ይደወል ነበር። ሰዎች የእመቤታችንን ምስል በአበባ አስጊጠው፣ ተሸክመው፣ እየዘመሩ በጠባቧ መንገድ ያልፋሉ። ባልና ሚስቱ ጥግ ይዘው ቆሙ። ቋንቋውን አያውቁትም፤ ዜማውም የእነሱ አይደለም፤ ስሟን ግን ይሰማሉ። ዓለምሸት ነጠላ ስላልያዘች የአንገት ልብሷን ራሷ ላይ አደረገች። ታዲዮስም በቅባት የጠቆረውን እጁን በሱሪው ጠርጎ አማተበ። እዚህ ወንድና ሴት አልተለየም፤ ትከሻቸው ተነካክቶ ነው የቆሙት።

ሰልፉ ሲያልፍ ስልኩን አወጣ። ዳላስ ገና መንጋቱ ነበር።

“በየነ? ደኅና አደርክ? አዎ፣ ደኅና ነን... ስማ፣ ያልከኝን ነገር። ሌላ ሰው ፈልግ።”

የበየነ ድምፅ ከስልኩ ውጭ ድረስ ተሰማ። “ምን ሆንክ? በአይብ አሰከሩህ እንዴ?”

“ጾም ነው ባክህ። ዓለምሸት አትሂድ አለችኝ።”

“ዓለምሸት? እሷ እኮ እግዚአብሔር ያውቃል ብላለች አልከኝ!”

“አሁን ግልጹን ነገረችኝ።”

“ፈረንሳይ ድረስ ሄዳ? ኧርቪንግ ብትነግርህ ምን ነበረበት?” በየነ ትንሽ አጉረመረመ፤ ከዚያ ሳቀ። “በል ግድ የለም። ነጋሽን እጠይቀዋለሁ፤ ማንኮራፋቱን እንዴት እንደምችለው እንጃ። እሷን ሰላም በልልኝ።”

ታዲዮስ ስልኩን ኪሱ ከተተ። “ሰላም ብሎሻል” አላት።

“ሰምቻለሁ። መንደሩ ሁሉ ሰምቶታል።” ዕንባዋን በአንገት ልብሷ ጠረገች።

“የቀን ፈረቃ ጠይቄ ባይሰጡኝስ? ወዲያው ላይሆን ይችላል።”

“እንግዲያው እኔ ወደ ሌሊት እዞራለሁ። ሌሊትም የሚገፋ ሰው አይጠፋም። አንተ ስትነዳ እኔ እገፋለሁ፤ ቀን አብረን እንተኛለን።”

“በዚህ ዕድሜሽ ሌሊት?”

“ብስክሌት ተቀምጬ የለ?”

ከመንደሩ ወጥተው ወንዙ ዳር ባሉት ረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር ቆሙ። ብስክሌቱን አንዱ ግንድ ላይ አስደገፉት። የማዳም ኮሌትን ቲማቲም በዳቦ በሉ፤ ታዲዮስ አቡነ ዘበሰማያት ደገመ። ትንሽ ጎናችንን እናሳርፍ ተባባሉ። እሱ በአንደኛው ግንድ ሥር፣ እሷ በሚቀጥለው ግንድ ሥር ተጋደሙ። ጉልበቷ ይጠዘጥዛል፣ የእሱ ወገብ ይንቋቋል፤ ዛፎቹ ከላይ ይንሾካሾካሉ። በሃያ አምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ የተጠራቀመ ድካም በአንድ ከሰዓት በኋላ አያልቅም። ሁለቱም ግን ተኙ።

ዓለምሸት ስትነቃ ፀሐይ ወደ ውኃው አዘንብላለች። ታዲዮስ ነቅቶ፣ ክንዱን ተንተርሶ፣ ያያታል። ደንግጣ ተነሣች።

“ዘገየን!” አለች።

“ከምኑ?” አላት።